ቀዩ ቀለም ሳይደርቅ

ሰመራ የሄድኩት ለሦስት ቀን ሥራ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ካረፍኩበት ቤት ስወጣ አንድ ወጣት ቀለም ቀቢ የግቢውን የብረት በር ቀይ ሲቀባ አገኘሁት። ቆርቆሮው ውስጥ ቲነር ጠብ አደረገና በእንጨት አማሰለው። ሽታው በዚያ ሙቀት ላይ ተነሥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ልጁ ቀና ብሎ፣ “እናቴ፣ እንዳይነካሽ፤ አልደረቀም” አለኝ። በጎን ሾልኬ ማለፍ እችል ነበር። አላለፍኩም። ተመልሼ ክፍሌ ገባሁና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ለሥራ ጓደኞቼ ሙቀቱ መታኝ አልኳቸው። ውሸቴን ነው፤ የአዋሽ ልጅ ሙቀት አይመታትም።

እንዳትነኪው፣ አልደረቀም ብሎ ከዚህ በፊት የነገረኝ ሰው ወንድሜ ነበር። እሱንም አልሰማሁትም።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነው። ሰመራ የሚባል ከተማ መኖሩን አላውቅም፤ እማዬ ሻይ ቤት የሚቀመጡት ሾፌሮች የሚያነሡት ሎጊያን፣ ገላፊንና አሰብን ነበር። የምንኖረው አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከባቡር ጣቢያው ዝቅ ብሎ ነው። እናቴ ዘሐራ አባቴን ተከትላ ከወሎ መጥታ፣ እሱን ወባ ሲወስደው ሻይ ቤቱን ይዛ የቀረች ሴት ናት። ከሻይ ቤቱ ኋላ አንድ መኝታ ክፍልና መስኮት የሌለው ጓዳ ነበረን። የጓዳው ግድግዳ ከጎረቤታችን ከእትዬ አስካለ ጋር የጋራ ነው። እትዬ አስካለ የባቡር ሠራተኛ ሚስት የነበሩ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከአንዲት ሬዲዮ ጋር ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። በሁለቱ ግቢ መካከል ትንሽ መተላለፊያ በር ነበረች። ውሃ ሲጠፋ በዚያች በር እሳቸው ለኛ፣ እኛም ለሳቸው እንቀዳለን።

ወንድሜ ሁሴን ታፔላ ጸሐፊ ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። የምግብ ቤቱን፣ የፀጉር አስተካካዩን፣ የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት ሳይቀር ታፔላ የጻፈው እሱ ነው። ግራኝ ስለነበረ የፊደሎቹ ጥላ ሁልጊዜ በግራ ይወድቃል፤ የሌላው ጸሐፊ ሁሉ በቀኝ ነው። አዋሽ ውስጥ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ አንገቱን ቀና አድርጎ “ይሄ የሁሴን ነው” ይላል። ከሥር ስሙን ጽፎ አያውቅም፤ አያስፈልገውም ነበር።

የብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር ሲወጣ የእሱም ስም ነበረበት። በማግስቱ እማዬ ሻይ ቤቱ መሀል ቁጭ ብላ ጮክ ብላ አለቀሰች። ልጇ ሳይሰናበታት ጅቡቲ ኮብልሎ እንደሄደ ለመጣው ለሄደው ሁሉ ነገረች። ልጇ ግን ከኋላዋ ጓዳ ውስጥ፣ በስኳር ጆንያና በከሰል መሀል ተቀምጦ ልቅሶዋን ይሰማ ነበር። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓዳውን ጅቡቲ አልኩት። እማዬ መጀመሪያ ቆነጠጠችኝ፤ በኋላ ራሷም ለመደችው። “ለጅቡቲ ውሃ አድርሺ” ትለኛለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አንዳንዴ ፈገግ እያለች። በዚያ ዓመት ፈገግ ያለችበት ነገር እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ውትድርና ምን እንደሆነ በደንብ አልገባኝም ነበር። እማዬ “ከሄደ አይመለስም” ስትል እገረማለሁ። ለጥጥ ለቀማ ከደጋ የሚመጡት ሰዎች በመኪና ታጭቀው ይሄዳሉ፤ ወቅቱ ሲያልፍ ቀጥነውና ጠቁረው ይመለሳሉ። ጦርነትም እንደዚያ ያለ እርሻ መስሎኝ ነበር። ቀጥኖ ቢመለስ ምን አለበት እያልኩ አስብ ነበር።

በሦስተኛው ወር ሁሴን ተለወጠ። ምግብ መመለስ ጀመረ። ግድግዳው ላይ በምስማር ፊደል ይጽፋል፣ ይፍቃል፣ እንደገና ይጽፋል። የጓዳው አቧራ ሳል አስይዞት ነበርና ሲስል ጆንያ አፉ ላይ ይጭናል። አንድ ቀን “ልውጣና ይውሰዱኝ እማዬ፤ እዚያስ ቢያንስ ፀሐይ አለ” አላት። እማዬ የያዘችውን ሰሃን አስቀምጣ እግሩ ላይ ወደቀች። እናት ልጇ እግር ላይ ስትወድቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔ ደንግጬ ሳቅሁ፤ ከዚያም አለቀስኩ።

ምስጢራችንን ከኛ ሌላ የሚያውቁት ጋሽ ተክሌ ብቻ ነበሩ፤ እኛ እንደዚያ ነበር የምናስበው። ጋሽ ተክሌ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፣ ሲያልፉ ሁሉ እኛ ጋ ሻይ ይጠጣሉ። ሁሴንን በሸራ ሸፍነው እስከ ጅቡቲ ድንበር፣ እስከ ገላፊ ሊያደርሱት ቃል ገብተዋል። “ግን ጊዜ ስጪኝ ዘሐራ” ይሉ ነበር። “ኬላው ላይ የማውቀው ሰው ተራው መሆን አለበት። ጭነቱም የሚመች መሆን አለበት። እስከዚያ ልጁን ብቻ አረጋጊልኝ።” እሱን ማረጋጋት ግን እንዲህ በቀላሉ የሚሆን አልነበረም።

በየካቲት መጨረሻ ጋሽ ተክሌ ከአሰብ ሲመለሱ አንድ የካርቶን ሳጥን ይዘው መጡ። “ይሄ ለከዲጃ ነው” አሉ። “አንድ የመስኮብ መርከበኛ ሰጠኝ። ልጅ አለህ ወይ ብሎ በምልክት ጠየቀኝ፣ አለኝ አልኩት። እንግዲህ ልጄ አንቺ ነሽ።” ክዳኑ ላይ ሰማያዊ የሆነች ምድር፣ ከላይዋም ሹል ሹል ነገር የወጣባት ክብ መርከብ ተሥላለች። ትምህርት ቤት መምህራችን የነገሩን የጠፈር መንኮራኩር እንደሆነች ወዲያው አወቅሁ። ስከፍተው ግን መንኮራኩር የለም። ከፕላስቲክ ዘንግ ላይ የተንጠለጠሉ ነጭና ግራጫ ቁርጥራጮች፣ በመስኮብኛ የተጻፈ ወረቀትና የደረቀ የሙጫ ቱቦ ብቻ። ተሰብሮ የመጣ መስሎኝ ላለቅስ ነበር።

ሳጥኑን ጅቡቲ ወሰድኩት። ሁሴን ሁለት ቀን ሙሉ ዞሮ አላየውም። በሦስተኛው ቀን አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቁርጥራጮቹን በጥርሴ ከዘንጉ መገንጠል ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጀርባውን እንደሰጠኝ “ምንድን ነው የምታኝኪው?” አለ። ከዚያ ዞሮ አየኝ። የሥራ ሰው የተበላሸ ሥራ አይቶ መቀመጥ አይችልም።

“በጥርስ ይቆረጣል? አንቺ አህያ ነሽ? ሂጂ ምላጭ አምጪ። የብርጭቆ ወረቀትም አለ፣ ከቀለሞቼ ሳጥን ሥር።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ መብላት ጀመረ።

የምንሠራው ብርሃን ተከትለን ነበር። መስኮት ስለሌለ፣ ከጣራው ቆርቆሮ ቀዳዳ የሳንቲም ያህል ብርሃን ይገባል። ጠዋት ከጆንያው ላይ ይጀምራል፣ ወደ ከሰሉ ይሄዳል፣ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ላይ ይወጣል። እኔ ከትምህርት ስመለስ ብርሃኑ ከሰሉ ጋ ደርሶ ይጠብቀኛል። ሁለታችን ጭንቅላታችንን አጋጥመን ከብርሃኑ ጋር እንንፏቀቃለን። እሱ በምላጭ ይቆርጣል፣ እኔ በብርጭቆ ወረቀት ጠርዙን አለሰልሳለሁ። ሲናገር በሹክሹክታ ነው፤ እኔም ዛሬ ድረስ ስሠራ ሳላውቀው ድምፄ ይጠፋል።

ሙጫው ስለደረቀ ሁሴን ዘዴ ፈለገ። የክብሪት እንጨት ጫፍ ቲነር ውስጥ ነክሮ ፕላስቲኩን ሲነካው ለሰለሰ። ሁለቱን ለስላሳ ጠርዝ ቢያጋጥማቸው እስከመጨረሻው ተያያዙ። በመጀመሪያው ቀን ግን ቲነሩን አብዝቶ ነበርና አንዱ ቀጭን አንቴና እንደ ሻማ ጎበጠ። “አየሽ” አለኝ፣ “ቲነር ለዚች መርዝ ነው። ስለዚህ ስንቀባት ቀለሙን የምናቀጥነው በአኳራጅ ነው። አኳራጅ ፕላስቲኩን አይጎዳውም። ግን ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም፣ ቀን ሙሉ ይፈልጋል፤ መታገሥ ነው።” የነገረኝን ሁሉ ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜም አውቀው ነበር።

ከሁሉ የምወደው ሥራ ኳሶቹ ነበሩ። በመንኮራኩሯ ወገብ ዙሪያ ሽምብራ የሚያክሉ ጥቃቅን ኳሶች ይደረደራሉ። የአየር ማጠራቀሚያ ናቸው አለኝ ሁሴን፤ ወረቀቱን ማንበብ ስለማይችል ፈጥሮ ይሆናል። ለባቡር ጣቢያው የውሃ ታንከር ከቀባው የተረፈ የብር ቀለም ነበረው፤ በእሱ አንድ በአንድ ቀባኋቸው። አንዷ ከእጄ አምልጣ ከሰሉ ውስጥ ገባች። ስፈልግ ውዬ ጥቁር ሆኜ ወጣሁ፣ እሷ ግን የለችም። ሁሴን ከእማዬ ማሰሮ አንድ ሽምብራ አንስቶ ሞረዳት፣ የብር ቀለም ቀባትና ቦታዋ ላይ አስቀመጣት። ማን ለየው? እስከዛሬ አንዷ ኳስ ሽምብራ ናት።

ሳጥኑ ውስጥ አንድ ሰውዬም ነበር። የጥፍር ያህል ነው፣ ፊት የለውም፣ ተቀምጧል። ወረቀቱ ላይ ክቡ ቤት ውስጥ ያስገቡትና ይዘጉበታል።

“የት ይተኛል?” አልኩት።

“አይተኛም። ቁጭ ብሎ ነው የሚሄደው።”

“በሩስ ከውስጥ ይከፈታል?”

ሁሴን ሰውዬውን መዳፉ ላይ አገላበጠው። “ይሄን አናጣብቀውም” አለ። “ልቅ ይሁን።” እውነትም ሳያጣብቀው ዘጋው። መንኮራኩሯን ስነቀንቃት ሰውዬው ውስጥ ሲንኳኳ ይሰማል።

እማዬ መጀመሪያ አልወደደችውም። መምህራችን ሰዎች ሰማይ ወጥተው ፈልገው አላህን እንዳላገኙት ነግረውን ነበርና ያንን ስነግራት፣ ብርጭቆ ማጠቧን ሳታቆም መንኮራኩሯን በአገጯ እያሳየች “በዚች መስኮት ነው የፈለጉት?” አለች። “ቢያንኳኩ ኖሮ ይከፍትላቸው ነበር።” ሁሴን ሳቁን ለማፈን ጆንያ ውስጥ ተደፋ። እኔ የእማዬን መልስ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ተናግሬ በጉልበቴ ተንበረከክሁ።

ከግድግዳው ማዶ እትዬ አስካለ ነበሩ። ጆሯቸው የደከመ ይመስለኝ ነበር፤ ሬዲዮናቸውን ድንገት ያስጮኹታል። ዜና ይሁን ዘፈን አይመርጡም። አንዳንዴ ሁሴን ሳል ይዞት ደሙ ፊቱ ላይ ሲወጣ ያ ሬዲዮ ከማዶ ይጮሃል። እኔ ምስኪን ደንቆሮ ሴትዮ እላለሁ። አንድ ቀን በመተላለፊያዋ በር ብቅ ብለው “ዘሐራ፣ ይሄ የቀለም ሽታ ከየት ነው?” አሉ። እማዬ “ትኋን አስቸግሮን ላምባ ረጭቼ ነው” አለች። እትዬ አስካለ “ደግ አደረግሽ። ትኋን መጥፎ ነው” ብለው ተመለሱ። እማዬ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያች በር በኩል ስትሄድ እየተጠራጠረች ነበር።

ሚያዝያ ሲገባ መንኮራኩሯ አለቀች። ክቡ ቤት የብር፣ ታችኛው ክፍል ነጭ፣ የጎበጠው አንቴና ሳይቀር ሁሉም ቦታው ላይ። ትምህርት ቤት ግን የሚያምነኝ አላገኘሁም። ለላብ አደሮች ቀን እያንዳንዱ ተማሪ የእጅ ሥራ እንዲያመጣ ታዞ ነበር፣ እኔም መንኮራኩር ሠርቻለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬ ነበር። “ውሸታም፣ የጅቡቲ እህት” ይሉኛል። ለሁሴን አልነገርኩትም። ብነግረው እንደሚከለክለኝ አውቅ ነበር።

በኤግዚቢሽኑ ዋዜማ ጋሽ ተክሌ መጡ። ሻይ ሲጠጡ ለእማዬ ዝቅ ብለው “ነገ ከሰዓት፣ ከአሱር ሰላት በኋላ” አሉ። “ኬላው ላይ ሰውዬው አለ። ጭነቴም ብርድ ልብስ ነው። ይሄ ካለፈ እንግዲህ እኔ አላውቅም።” እማዬ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ያን ማታ የሁሴንን ሁለት ሸሚዝ አጥባ በከሰል ካውያ ተኮሰች። ጅቡቲ የተተኮሰ ሸሚዝ ያስፈልጋል እንዴ?

በማግስቱ ማለዳ፣ እማዬ ሱብሂ ሰግዳ ሳትነሣ፣ ሁሴን ጠራኝ። መንኮራኩሯ ከፊቱ ናት። ነጩ ጎኗ ላይ በቀይ፣ ጥላው በግራ፣ “ከዲጃ” ብሎ ጽፏል። ከጻፋቸው ታፔላዎች ሁሉ ያች ትንሿ ትበልጣለች። ብሩሹ ገና እጁ ላይ ነበር።

“ይሄ ማስታወሻዬ ነው” አለኝ። “እስከ ነገ እንዳትነኪው፣ አልደረቀም። ደግሞ ከቤት አይወጣም። የኔን እጅ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። ገባሽ?”

“ገባኝ።”

“ማይ።”

“ወላሂ” አልኩት።

ወላሂ ብዬ ሁለት ሰዓት አልቆየሁም። እንዴት እንዳሰብኩት አልረሳውም። ዛሬ ጅቡቲ ይሄዳል፤ ስለዚህ እስካሁን የዋሸነው ከዛሬ ጀምሮ እውነት ይሆናል፤ እውነት ከሆነ ደግሞ የምንደብቀው ምን አለ? ይሄ የአሥር ዓመት ልጅ ሂሳብ ነው። ከሂሳቡ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ስሜ ተጽፎ እንዲታይልኝ ፈለግሁ። መንኮራኩሯን ላስቀምጣት ብዬ በሳጥኗ አድርጌ፣ ፊደሉ እንዳይነካ ከላይዋ ሳልከድን፣ እንደ እንቁላል ተሸክሜ ወጣሁ።

ጠረጴዛው ላይ የሽቦ መኪናዎች፣ የሰሌን ቅርጫቶች፣ የጭቃ ግመሎች ተደርድረዋል። የኔን ሳስቀምጥ ውሸታም ያሉኝ ልጆች ሁሉ ከበቧት። ሽምብራዋን እንኳ አንድም ሰው አላወቃትም። በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት የኮራሁበት ጊዜ አላስታውስም፤ መናገሩ ቢያሳፍርም እውነቱ እሱ ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ከመምህራኑ ጋር ሲዞር የኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። የቢሮው ታፔላ የሁሴን ሥራ ነው፤ በየቀኑ ከሥሩ ይገባል ይወጣል።

“ማን ሠራው?”

“እኔ ነኝ ጓድ ሊቀመንበር።”

“ጽሑፉንስ?”

“ወንድሜ ነው። ጅቡቲ ሳይሄድ በፊት ነው የጻፈልኝ።”

“ከሄደ እኮ አራት ወሩ” አለ በደግ ድምፅ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አውራ ጣቱን “ጃ” ላይ አሳረፈ። ሲያነሣው ጣቱ ቀይ ነበር። ጣቱን አየው፣ እኔን አየኝ። መሐረብ አውጥቶ ቀስ ብሎ ጠረገው። “ጎበዝ ልጅ ነሽ” አለኝ፤ ለመምህራችንም አንደኛ እኔ እንደሆንኩ ነገራቸው። ባለ ቀለም እርሳስ ሸለሙኝ። ሲሄድ ዞር ብሎ “ለእናትሽ ሰላም በይልኝ” አለ።

እኔ የተናደድኩት በምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ስሜን ስላበላሸው ነው። “ከዲ” ደህና ነው፤ “ጃ” ግን ወደ ጎን ተጎትቶ የጣት ምልክት ሆኗል። ሁሴን ሲያየው አልደረቀም አላልኩሽም ይለኛል፣ ወላሂ ብለሽ አልነበር ይለኛል። የፈራሁት ይህን ብቻ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ቤት ስደርስ አዋሽ እንደልማዱ በሙቀት ተዘግታለች። ጋሽ ተክሌ ከመኪናቸው ሥር ሰሌን አንጥፈው ተኝተዋል። መንኮራኩሯን አልጋ ሥር ደበቅኋትና ጅቡቲ ገባሁ። ሁሴን የተተኮሰውን ሸሚዝ ለብሶ፣ ትንሽ ጥቅል ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ፊቱ ከወራት በኋላ የሰው ፊት ሆኖ ነበር።

“መንኮራኩሯስ?” አለኝ።

“እንድትደርቅ አስቀምጫታለሁ።”

“ጎበዝ።”

በዚያ ቀን ሁለት ሰው ጎበዝ ብሎኛል። ሁለተኛው ሲለኝ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የተበላሸው ፊደል ትዝ አለኝና ዘጋሁት። ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ ጋሽ ተክሌን ቀስቅሶ፣ ሸራውን ገልጦ፣ አሱርን ሳይጠብቁ መውጣት ይቻል ነበር። እኔ ግን ውጭ ወጥቼ የተሸለምኩትን እርሳስ ስቀርጽ ነበር።

ከዙሁር በኋላ መጡ። ሊቀመንበሩና ሦስት መሣሪያ የያዙ ሰዎች። ቤት አልፈተሹም፣ አልጋ አላነሡም፤ ቀጥ ብለው ወደ ጓዳው ሄዱ። የቀለም ሽታ እየመራቸው እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። እማዬ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች።

“ያረቢ! ምን ፈልጋችሁ ነው? ልጄ የለም እኮ!”

“ዘሐራ” አለ ሊቀመንበሩ፣ ሳይቆጣ፣ ደክሞት። “የኔም ልጅ ሄዷል። ከሄደ ደብዳቤ አላየሁም። ያንቺ ከኔ በምን ይበልጣል?”

ሁሴን ራሱ ከፍቶ ወጣ። አራት ወር ፀሐይ ያላየ ዓይኑ ብርሃኑን መቋቋም አቅቶት በክንዱ ጋረደው። ክንዱን ሲያወርድ የሊቀመንበሩን እጅ አየ። መሐረቡ ያልደረሰበት፣ ጥፍሩ ዙሪያ የቀረ ቀይ ነበር። ሁሴን ቀለሙን አወቀው፤ ራሱ ያዋሐደው ነው። ከዚያ እኔን ፈለገና አገኘኝ። “እማዬ፣ አብሽሪ” አለ። በኔ በኩል ሲያልፍ ያን የግራ እጁን ራሴ ላይ አሳረፈው። አኳራጅ ይሸት ነበር።

ጋሽ ተክሌ በጩኸቱ ነቅተው ከመኪናው ሥር ወጡ፤ እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ቆሙ። አሱር ሲሆን ብርድ ልብሳቸውን ጭነው ብቻቸውን ሄዱ።

እማዬ ማልቀስ የጀመረችው ማታ ነው። ከማልቀሷ በፊት ግን ሌላ ነገር አደረገች። መተላለፊያዋን በር በእግሯ መትታ እትዬ አስካለ ግቢ ገባችና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “ትኋን አልኩሽ! ትኋኗ አንቺ ነሽ! ደም መጣጭ! ልጄን ሸጥሽው!” አለች። እትዬ አስካለ ልብስ ሲያሰጡ ነበር። እርጥቡን ልብስ እንደያዙ “ዘሐራ፣ እኔ?” አሉ። “እኔን ነው?” እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። በአንድ ቃል ማቆም እችል ነበር። በማግስቱ እማዬ መተላለፊያዋን በቆርቆሮ አስመታቻት።

ከዚያ ወዲህ የእትዬ አስካለ ሬዲዮ ጮሆ አያውቅም። እኔ ባትሪ ድንጋይ ያለቀባቸው መሰለኝ።

ደብዳቤው የመጣው በሐምሌ ነው፣ አንድ መንገደኛ ወታደር አምጥቶ ሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ፖስታው ላይ “ለወይዘሮ ዘሐራ” የሚለው በእስክሪብቶ የተጻፈ ቢሆንም ጥላ ነበረው፣ በግራ። እማዬ ማንበብ አትችልም። ልጇ እንዳለ ያወቀችው ግን ገና ሳይከፈት ነው። ፖስታውን አገላብጣ ሳመችውና “አንብቢልኝ” አለችኝ።

ደህና ነኝ ይላል። ምግቡ ደህና ነው፣ ሳሉ ትቶኛል፣ እዚህም ታፔላ አጽፈውኛል ይላል። ጋሽ ተክሌን አደራ ሰላም በሉልኝ ይላል። ቀጥሎ እንዲህ የሚል አለ፦ “ለከዲጃ። ቀዩ አሁን ደርቋል። ልጅ ነሽ፣ አልተቀየምኩሽም። እማዬ ማንንም እንዳትጠረጥር አንቺው ንገሪያት። በተለይ እትዬ አስካለን። ስስል ሰው እንዳይሰማኝ ሬዲዮ የሚያስጮኹልኝ እሳቸው ነበሩ።”

ዓይኔ እዚያ ላይ ቆመ። እማዬ ጉልበቷን አቅፋ ትጠብቀኛለች። ትንፋሽ ወሰድኩና ዘልዬ “አላህ ያገናኘን፣ ልጅሽ ሁሴን” የሚለውን አነበብኩ። “አሚን” አለች እማዬ።

ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። እትዬ አስካለ ክረምቱ ሳይወጣ እቃቸውን ጭነው ድሬዳዋ እህታቸው ዘንድ ሄዱ። በሄዱበት ቀን ከደጃችን በውሃ የተሞላ ጀሪካን አገኘን፤ እማዬ ደፋችው።

እማዬ ደብዳቤውን በየሳምንቱ ጁምዓ ታስነብበኝ ነበር። በቃሏ ይዛዋለች፤ ከንፈሯ ከኔ ጋር ይንቀሳቀሳል። እኔም እዚያች ቦታ ስደርስ ትንፋሽ ወስጄ እዘላለሁ። አንድ ጁምዓ ላይ እጇን ወረቀቱ ላይ ጫነች።

“እዚች ጋ ስትደርሺ ሁልጊዜ ትተነፍሻለሽ” አለችኝ። “ምን አለ እዚህ?”

ጣቷ ቀጥ ብሎ መስመሩ ላይ ነው ያረፈው።

“ነጥብ ነው እማዬ” አልኳት። “አራት ነጥብ ነው።”

ጣቷን አነሣች። “እንግዲያ ቀጥይ” አለችኝ፤ ቀጠልኩ።